ህዳር 5 ወይስ ማርች 5? የልደት ቀናችሁ ወደ ኤክስኤምኤል ሲገባ ምን ይሆናል

ዛሬ ትንሽ ኮድ ኮድ የሚሸት ነገር ይዘን መጥተናል። ፕሮግራመር ባትሆኑም ግን አትለፉት፤ ጉዳዩ የእናንተን የልደት ቀን ይነካል።

እንዲህ እንበል። አንዲት ተማሪ የተወለደችው ህዳር 5 ቀን 1998 ዓ.ም ነው። የስኮላርሺፕ ፎርም የሚያስሞላ አፕ በስልኳ ከፈተች። አፑ እዚሁ አገር የተሠራ ስለሆነ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ይቀበላል። ቀን 5፣ ወር 3፣ ዓመት 1998 ብላ ሞላችና ላከች። አፑ መረጃዋን ጠቅልሎ ውጭ አገር ላለ ሰርቨር ሰደደው። ሰርቨሩ ያነበበው 1998-03-05 የሚል ነው። ለእሱ ይሄ ማርች 5 ቀን 1998 ነው፤ ያለና የነበረ ቀን ነው፣ ምንም የሚያጠራጥር ነገር የለውም። ልጅቷ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከ7 ዓመት ከ8 ወር በላይ አረጀች። ስኮላርሺፑ የዕድሜ ገደብ ካለው በቃ፣ ወጣች። ለምን እንደወጣች የሚነግራት ሰው የለም፤ ምክንያቱም የትኛውም ስክሪን ላይ ቀይ ጽሑፍ አልወጣም።

ትክክለኛው መልስ 2005-11-14 ነበር። ህዳር 5 ቀን 1998 በፈረንጆቹ ኖቬምበር 14 ቀን 2005 ነው።

እሷም በትክክል ሞልታለች፣ ሰርቨሩም የተጻፈለትን አንብቧል። የተበላሸው መሻገሪያው ላይ ነው። ዛሬ የምናወራው ስለዚህ መሻገሪያ ነው፤ በፕሮግራመሮች ቋንቋ አዳፕተር ይባላል።

መጀመሪያ ሁለት ቃላት እናጥራ። ኦብጀክት ማለት ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ሜሞሪ ላይ የሚይዘው ነገር ነው። "ተማሪ" የሚል ኦብጀክት ቢኖር ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ስልክ ቁጥር አንድ ላይ ታስረውበታል። ችግሩ አፑ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል፤ ወደ ሌላ ማሽንም እንዳለ ተነስቶ አይሄድም። ለመላክ ወይም ለማስቀመጥ ወደ ጽሑፍ መለወጥ አለበት። ከዚያ ወዲያ ማዶ ያለው ማሽን ጽሑፉን አንብቦ እንደገና ኦብጀክት ያደርገዋል።

ኤክስኤምኤል ለዚህ ከተሠሩ የጽሑፍ ዓይነቶች አንዱ ነው። ደንቡ የወጣው በፈረንጆች ፌብሩዋሪ 1998 ነው። "ያ የድሮ ነው፣ አሁን ሁሉም ጄሰን ሆኗል" የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። እውነት አላችሁ፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። አሳይመንት የምትጽፉበት የወርድ ፋይል የታጨቀ ዚፕ ነው፤ ብትከፍቱት ውስጡ ኤክስኤምኤል ሞልቶበታል። የአንድሮይድ አፕ ስለራሱ ለስልኩ የሚናገርበት ፋይልም ኤክስኤምኤል ነው። ባንኮች አገር ተሻግረው ገንዘብ ሲላላኩ የሚጻጻፉበት አይኤስኦ 20022 የሚባለው ደንብም እንደዚሁ። እንዲያውም በስዊፍት መረብ ላይ አሮጌውና አዲሱ የክፍያ መልእክት ጎን ለጎን የሚሠሩበት ጊዜ ያበቃው ገና በኖቬምበር 2025 ነው። ሰውዬው አርጅቷል እንጂ ጡረታ አልወጣም።

የተማሪዋ መረጃ በኤክስኤምኤል ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

<ተማሪ>
  <ስም>ሰላማዊት</ስም>
  <የትውልድ-ቀን>2005-11-14</የትውልድ-ቀን>
</ተማሪ>

እዚህ ጋ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ታጎቹን በአማርኛ የጻፍናቸው ለማሳመር ብቻ አይደለም፤ ይቻላል። ግን ሁልጊዜ አይቻልም ነበር። የ1998ቱ ደንብ ለታግ ስም የሚፈቅደው በጊዜው የዩኒኮድ ዝርዝር ውስጥ የነበሩ ፊደላትን ብቻ ነበር። የእኛ ፊደል ደግሞ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ስለዚህ በአማርኛ ይዘት መጻፍ ሲቻል፣ ታጉን ራሱን በአማርኛ መሰየም ግን ክልክል ሆኖ ቆየ። ደንቡ የላላው በ2008 በወጣው አምስተኛ እትም ነው። የቆዩ አንባቢ ፕሮግራሞች አሁንም የድሮውን ደንብ ስለሚከተሉ አማርኛ ታግ ሲያዩ ይጮኻሉ። በሥራ ላይ ታጎቹን በላቲን ጻፉ፣ ይቅርባችሁ።

ወደ ጉዳያችን። ኦብጀክቱን በእጅ እየጻፉ ወደ ኤክስኤምኤል መለወጥ አሰልቺ ነው። ስለዚህ ላይብረሪ አለ። በጃቫ ዓለም የታወቀው ጃክስ-ቢ ይባላል። ክላሳችሁ ላይ አኖቴሽን የሚባል ምልክት ትለጥፋላችሁ፣ የቀረውን እሱ ይጨርሳል። ከኦብጀክት ወደ ኤክስኤምኤል መጻፉ ማርሻል ይባላል፤ ከኤክስኤምኤል ወደ ኦብጀክት መመለሱ ደግሞ አንማርሻል።

ጃክስ-ቢ የሚያውቃቸውን ዓይነቶች ያለምንም ጥያቄ ያሳልፋል፦ ጽሑፍ፣ ቁጥር፣ እውነት ወይም ሐሰት፣ የድሮዎቹ የጃቫ ቀኖች። የማያውቀው ሲመጣበት ነው ጉዱ። አስቂኙ ነገር፣ ዛሬ ሁሉም ሰው የሚጠቀምበትን ሎካልዴት የሚባለውን የጃቫ ቀን አያውቀውም። ጃክስ-ቢ ከጃቫ 6 ጋር የመጣው በ2006 ሲሆን ሎካልዴት የተወለደው በጃቫ 8፣ በ2014 ነው። ታናሹን የማያውቅ ታላቅ በሉት። እንደ ቨርዥኑና እንደ አጠቃቀማችሁ አንዳንዴ ስህተት ይሰጣችኋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ዝም ብሎ ባዶ ታግ ጽፎ ያልፋል። ቀኑ የለም፣ ስህተቱም የለም። ሎካልዴትን ያላወቀ ላይብረሪ ጳጉሜን ያውቃል ብላችሁ አትጠብቁ።

አዳፕተር የሚገባው እዚህ ነው። ከዱባይ የመጣ ባለ ሦስት ወፍራም ጥርስ ቻርጀር ግድግዳችሁ ላይ እንቢ ሲል ግድግዳውን አታፈርሱም፣ ቻርጀሩንም አትጥሉም፤ መሀል ላይ አንድ ነገር ትሰካላችሁ። የኮዱም አዳፕተር ያው ነው። ሁለት ሥራ ብቻ ያለው ትንሽ ክላስ ነው። አንደኛው ሥራ የእናንተን ዓይነት ተቀብሎ ጃክስ-ቢ የሚያውቀውን ዓይነት መስጠት፣ ሁለተኛው ያንኑ ወደኋላ መመለስ። ከዚያ ቀኑ ያለበት ፊልድ ላይ "በዚህ አዳፕተር አሳልፈው" የሚል አኖቴሽን ትለጥፋላችሁ። በአንድ ፊልድ ላይ ብቻ ሳይሆን በሙሉ ፓኬጁ ላይ አንዴ መለጠፍም ይቻላል። እኛ የምንመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ አንድ ፊልድ ላይ መለጠፍ ረስቶ ሌሊት የሚያድር ሰው እናውቃለን (እኛው ነን)።

የኢትዮጵያ ቀን አዳፕተር በአማርኛ ቢጻፍ እንዲህ ነው፦

ለመጻፍ፦ ቀኑ ባዶ ከሆነ ባዶ መልስ። ካልሆነ ወደ ፈረንጅ ቀን ለውጥ፤ ዓመት-ወር-ቀን አድርገህ ጻፍ።
ለማንበብ፦ ጽሑፉ ባዶ ከሆነ ባዶ መልስ። ካልሆነ የፈረንጁን ቀን አንብብ፤ ወደ እኛ ቀን ለውጥ።

"ለምን ኤክስኤምኤሉ ውስጥ በእኛው አቆጣጠር አናስቀምጠውም?" ትሉ ይሆናል። ምክንያቱም የኤክስኤምኤል ስኪማ ደንብ ቀን የሚለውን ዓይነት የተረጎመው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። ያንን ታግ የሚያነብ ሁሉ፣ አዲስ አበባም ይሁን ፍራንክፈርት፣ እንደዚያ ነው የሚገባው። ስክሪኑ ላይ ህዳር 5 በሉ፣ ፋይሉ ውስጥ ኖቬምበር 14 ይሁን፤ ልውውጡ ደግሞ አዳፕተሩ ጋ ብቻ ይካሄድ። በየስክሪኑ፣ በየፎርሙ፣ በየሪፖርቱ የሚለዋወጥ ከሆነ አንዱ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ይለወጣል፣ ሌላው ቦታ ላይ ጭራሽ አይለወጥም።

አሁን ለውጡ ራሱ። ብዙ ሰው "7 ወይ 8 ዓመት መደመር ነው" ይላል። አይደለም። ቀን መቁጠር ነው። መነሻ ነጥብ ያስፈልጋል፤ እኛ ሚሊኒየሙን እንወስዳለን። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነበር። ከዚያ ቀን ስንት ቀን እንደራቅን እንቆጥራለን፦

ከዓመቱ ላይ 2000 ቀንሱና በ365 አባዙ። ዓመቱን ለ4 አካፍሉ፣ ነጥቡን ጣሉ፣ 500 ቀንሱና ደምሩ። ከወሩ ላይ 1 ቀንሱ፣ በ30 አባዙና ደምሩ። ከቀኑ ላይ 1 ቀንሱና ደምሩ።

በተማሪዋ እንሞክረው። 1998 ሲቀነስ 2000 -2 ነው፤ በ365 ሲባዛ -730። 1998 ለ4 ሲካፈል 499፣ ሲቀነስ 500 ደግሞ -1። ህዳር 3ኛ ወር ነው፣ 2 ጊዜ 30 እኩል 60። ቀን 5፣ ስለዚህ 4። ድምሩ -667። ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ወደኋላ 667 ቀን ስትሄዱ ኖቬምበር 14 ቀን 2005 ላይ ታርፋላችሁ። በስልካችሁ ካልኩሌተር ሞክሩት። ከጳጉሜ በቀር ወራቶቻችን ሁሉም 30 መሆናቸው እዚህ ጋ ምን ያህል እንዳገዘን አያችሁ? የፈረንጁን ቀን መቁጠር ለሎካልዴት ተዉለት፣ እሱ ያውቅበታል።

ለእውነተኛ ሥራ ግን በእጅ ከመጻፍ የተፈተነ ላይብረሪ ይሻላል። ጃቫ ራሱ የታይላንድን፣ የጃፓንን፣ የታይዋንንና የሂጅራን አቆጣጠር ይዞ ነው የሚመጣው፤ የእኛን አልያዘም። ትሪቴን-ኤክስትራ የሚባለው ተጨማሪ ላይብረሪ ግን አለው። አንድሮይድ ላይ ደግሞ ከ7 ጀምሮ የኢትዮጵያ ካላንደር ስልኩ ውስጥ አብሮ ይመጣል፤ እሱን ስትጠቀሙ መስከረምን 1 ሳይሆን 0 ብሎ እንደሚጀምር አትርሱ። ያንን ያልሰማ ሰው ሁሉንም ቀን በአንድ ወር አዛብቶ ይልካል።

ወደ ጀመርንበት ዝምታ እንመለስ፤ ከሁሉም የሚያስፈራን እሱ ነው። አዳፕተር የሌለው አፕ የእኛን ቀን እንደ ፈረንጅ ቀን ሲልክ፣ ጳጉሜ ላይ የተወለደ ልጅ ዕድለኛ ነው። 13ኛ ወር የሚባል ነገር ፈረንጅ ጋ ስለሌለ ሰርቨሩ ወዲያው ይጮኻል፣ ችግሩ ይታወቃል። ጥቅምት 30 የተወለደም ዕድለኛ ነው፤ 2ኛ ወር፣ 30ኛ ቀን ብሎ ሲላክ ፌብሩዋሪ 30 ይሆናል፣ እንደዚህ ያለ ቀን የለም። ሌላው አብዛኛው ሕዝብ ግን ዕድል የለውም። ቀኑ ፈረንጅ ጋም ስላለ ጸጥ ብሎ ያልፋል።

አዳፕተር ከጻፋችሁም በኋላ ሌላ ዝምታ ይጠብቃችኋል። ሲያነብ አዳፕተሩ ውስጥ ስህተት ቢፈጠር፣ ለምሳሌ የተላከው ጽሑፍ 1998-13-04 ቢሆን፣ ጃክስ-ቢ እንደተጫነ ከተዉት ስህተቱን ይውጠዋል። ፊልዱን ባዶ አድርጎ ቀሪውን ማንበብ ይቀጥላል። ተማሪዋ አለች፣ ስሟ አለ፣ የልደት ቀኗ የለም። ማታ ላይ ዳታቤዙን ስታዩ 300 ሰው የልደት ቀን የለውም እንበል፤ ማን እንዳጠፋው አታውቁም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አንባቢው ላይ የራሳችሁን የስህተት ተቀባይ አስቀምጡና "ስህተት ካየህ አቁም" በሉት። አንድ መስመር ነው። ያን አንድ መስመር ሳይጽፉ አፕ ማውጣት ለእኛ ቸልተኝነት ነው፣ በግልጽ እንናገራለን።

የዩቲዩብ ትምህርት እየተከተላችሁ ለምትሞክሩ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ። ጃክስ-ቢ ከጃቫ 11 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2018 ወዲህ፣ ከጃቫ ጋር አብሮ አይመጣም፤ ራሳችሁ ትጨምሩታላችሁ። በኋላም የፓኬጁ ስም ጃቫክስ ከሚለው ጃካርታ ወደሚለው ተቀይሯል። የድሮውን አኖቴሽን ከአዲሱ ሞተር ጋር ከደባለቃችሁ አኖቴሽኑ እንዳልነበረ ይቆጠራል። አዳፕተራችሁ ተጽፏል፣ ተለጥፏል፣ ግን ማንም አይጠራውም። ኮዱን አስር ጊዜ ብታነቡት ስህተቱ አይታያችሁም፤ ከላይ ያለውን የኢምፖርት መስመር እዩ።

ሰዓትም የራሱ ጣጣ አለው። "ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት" የሚል የጉዞ ቀጠሮ ስንሰማ ሁላችንም ይገባናል። ለኮምፒውተሩ ግን ይሄ አርብ 02:00 ነው፤ ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ተቀይሯል። ስለዚህ 6 ሰዓት መደመር ብቻ አይበቃም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ቀኑም አንድ ይጨምራል። ሐሙስ ህዳር 4 ቀን 2018፣ ሌሊት 8 ሰዓት፣ ፋይሉ ውስጥ 2025-11-14፣ 02:00፣ ከነ +03:00ው ሆኖ መግባት አለበት። አዳፕተሩ "8 ሰዓት" ብቻ ከደረሰው መገመት የለበትም፤ ቀን ነው ሌሊት ብሎ ይጠይቅ ወይም እንቢ ይበል።

ሁሉም ነገር ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ስምን ውሰዱ። አንዳንዱ የውጭ ሲስተም አንድ የስም ታግ ብቻ ይሰጣችኋል። አዳፕተራችሁ ስምና የአባት ስምን በክፍት ቦታ አገናኝቶ ላከ፤ ሲመለስ በክፍት ቦታው ቆረጠ። "ወልደ ጊዮርጊስ ተሰማ" የሚባል ሰው ሲመለስ ስሙ ወልደ፣ አባቱ ጊዮርጊስ ይሆናሉ። መላኩ ትክክል ነበር፣ መመለሱ ሰውየውን ሌላ ሰው አደረገው። እንዲህ ሲሆን አዳፕተሩ ጽሑፍ ብቻ መስጠት የለበትም፤ ሁለት ታግ ያለው ትንሽ ኦብጀክት ሊሰጥ ይችላል፣ ጃክስ-ቢ እሱን ተቀብሎ ይጽፈዋል። ማዶ ያሉት አንድ ታግ ብቻ ነው የምንቀበለው ካሉ ግን ዋናውን ስም እናንተ ጋ ለየብቻ አስቀምጡ፣ ከእነሱ መልሳችሁ አታንብቡ።

ስልክ ላይ በኮትሊን የምትሠሩ ልጆች ጃክስ-ቢን አታገኙትም፤ አንድሮይድ አይዘውም። ሐሳቡ ግን ያው ነው። ጂሰንም፣ ሞሺም፣ የኮትሊን ሲሪያላይዜሽንም የራሳቸው አዳፕተር አላቸው፣ ሁለቱ ሥራዎችም እነዚያው ናቸው። እንዲያውም ጄሰን ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ጄሰን ጭራሽ ቀን የሚባል ዓይነት የለውም፣ ቀኑ የሚጻፈው እንደ ጽሑፍ ወይም እንደ ቁጥር ነው።

አንድ ያልፈታነው ነገር ግን አለ። አያታችሁን መቼ ተወለድሽ ብትሏት "በ50 ዓመተ ምሕረት" ልትላችሁ ትችላለች፤ ወርና ቀን የለውም። 1950 ዓ.ም ከሴፕቴምበር 11 ቀን 1957 እስከ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1958 ድረስ ነው። የትኛውን የፈረንጅ ዓመት ትጽፋላችሁ? ኤክስኤምኤል ዓመት ብቻ የሚይዝ ዓይነት አለው፣ ግን አንዱን ከመረጣችሁ ልትስቱ ትችላላችሁ። "ጃንዩዋሪ 1" ብሎ መሙላት ደግሞ ሴትዮዋ ያላለችውን መጻፍ ነው። እኛ እንዲህ እናደርጋለን፦ የነገረችውን እንዳለ በጽሑፍ እናስቀምጣለን፣ አቆጣጠሩንም ታጉ ላይ በግልጽ እንጽፋለን።

<የትውልድ-ዓመት አቆጣጠር="ኢትዮጵያ">1950</የትውልድ-ዓመት>

አዳፕተር ለጻፋችሁ ወይም ልትጽፉ ላሰባችሁ እነዚህን ቀኖች አሳልፉበት፦ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 (2023-09-11 መሆን አለበት)፣ መስከረም 1 ቀን 2016 (2023-09-12)፣ መስከረም 1 ቀን 2017 (2024-09-11)፣ ከዚያም ጥቅምት 30 የፈለጋችሁት ዓመት። ልካችሁ መልሱት፤ የወጣው ከገባው ጋር አንድ ካልሆነ የት ጋ እንደተሳሳተ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ አብረን እናየዋለን።